ደጋግማ የተገኘችው ድንቅነሽ

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 4 ቀን 1999፣ በእኛ ጥቅምት 24 ቀን 1992 ዓ.ም.፣ አሜሪካ ኒው ሜክሲኮ በረሃ ውስጥ የቆመ ቴሌስኮፕ የሰማይን አንድ ጥግ ፎቶ አነሳ። ጥቂት ቆይቶ ያንኑ ጥግ ደገመ፤ አሁንም ቆይቶ ሠለሰ። ፎቶዎቹን የሚያስተያየው ኮምፒውተር ነው። ከዋክብቱ ባሉበት ናቸው፤ ከአንዱ ፎቶ ወደ ሌላው ፈቀቅ ያለች ነጥብ ካለች ግን ነጥሎ ያወጣታል። የታየችበትን ቦታና ሰዓት መዝግቦም ማሳቹሴትስ፣ ካምብሪጅ ወደሚገኘው የአስትሮይዶች መዝገብ ቤት፣ ወደ ማይነር ፕላኔት ሴንተር ይልካል። ያን ሌሊት ከተያዙት ነጥቦች አንዷ ስፋቷ ከአንድ ኪሎ ሜትር የማይሞላ ድንጋይ ነበረች። ማንም ልብ አላላትም። ልብ የሚባልበትም ምክንያት አልነበረም።

ቴሌስኮፑ የሚገኘው ሶኮሮ ከምትባል ከተማ ራቅ ብሎ፣ በዋይት ሳንድስ የሚሳይል መሞከሪያ ክልል ውስጥ ነው። የመጀመሪያው የአቶሚክ ቦምብ በ1945 የተሞከረው በዚሁ ክልል ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት የፈረንጆቹ ናቸው፤ የእኛ ሲሆን ዓ.ም. እያልኩ እለያለሁ።) የመስታወቱ ስፋት አንድ ሜትር ነው፤ እንጦጦ ተራራ ላይ ካሉት ሁለት ቴሌስኮፖች ጋር እኩል መሆኑ ነው። ዓይነቱ የአሜሪካ አየር ኃይል በምድር ዙሪያ የሚሽከረከሩ ሳተላይቶችን ለመከታተል ያሠራው ሲሆን፣ የኤምአይቲው ሊንከን ላቦራቶሪ ከአየር ኃይሉና ከናሳ ጋር ሆኖ ለሌላ አደን አዋለው። ሊኒየር የተባለው ይህ ፕሮግራም የሚፈልገው አንድ ቀን ምድርን ሊመቱ የሚችሉ አስትሮይዶችን ነበር። መረቡ ግን ያገኘውን ሁሉ ይይዝ ነበር። በቆየባቸው ዓመታት ከ140 ሺህ በላይ አስትሮይዶች በስሙ ተመዝግበዋል፤ አብዛኞቹም ምድር አጠገብ ዝር የማይሉ፣ በማርስና በጁፒተር መሐል ባለው ትልቁ የአስትሮይድ ቀበቶ ውስጥ በሰላም የሚዞሩ ድንጋዮች ናቸው። ለአዳኞቹ ትርፍ ዓሣ ነበሩ።

አዲስ የታየ አስትሮይድ ወዲያው ስም አያገኝም። የሚሰጠው ጊዜያዊ መለያ ነው፤ የእኛው 1999 ቪዲ57 ተባለ። ይህ መለያ የዘፈቀደ ይምሰል እንጂ አንባቢው ካወቀበት አንድ ሙሉ መዝገብ ነው። ዓመቱ ግልጽ ነው። ቪ የምትለዋ የላቲን ፊደል የኖቬምበርን የመጀመሪያ አጋማሽ ትነግረናለች፤ ዓመቱ በ24 ግማሽ ወሮች ተከፍሎ ለእያንዳንዱ አንድ ፊደል ተመድቧልና። ቀሪው ተራ ነው። 25 ፊደሎች በየተራ ይታደላሉ፤ ሲያልቁ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመራል፤ ቁጥሩ ስንት ጊዜ እንዳለቁ ይቆጥራል። 57 ጊዜ አልቀው አራተኛዋ ፊደል፣ ዲ፣ ላይ ደረሱ። 57 በ25 ተባዝቶ 4 ሲጨመርበት 1429 ይሆናል። ድንጋዩ በዚያ ግማሽ ወር ብቻ 1429ኛ ሆኖ የተመዘገበ ነው። ጁሴፔ ፒያዚ በ1801 አዲስ ዓመት ሌሊት ፓሌርሞ ላይ ሴሬስን፣ የመጀመሪያውን አስትሮይድ፣ ሲያገኝ የአውሮፓ ሊቃውንት ወሬው ያ ብቻ ሆኖ ነበር። ሁለት መቶ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ነገሩ በሰልፍ ቁጥር የሚታደል ሆነ።

አንድ ሌሊት የታየ ነጥብ ምህዋር የለውም። ያለው አጭር ጭረት ነው፤ በዚያ ጭረት ላይ ሊያልፍ የሚችል ምህዋር ደግሞ ብዙ ነው። የትኛው እንደሆነ የሚለየው ድንጋዩ በሌላ ሌሊት፣ በሌላ ወር፣ በሌላ ዓመት እንደገና ሲታይ ነው። ችግሩ፣ ምድር ከፀሐይና ከድንጋዩ መሐል ገብታ ደህና አድርጎ ለማየት የሚያመቸው ጊዜ የሚመጣው በየ17 ወሩ ገደማ መሆኑ ነው። እንዲያም ሆኖ ልኬቱ ሲጠራቀም ምህዋሩ ጠራ፤ ቋሚ ቁጥርም ተሰጠው፤ 152830። ቋሚ ቁጥር ማለት ይህ ድንጋይ ወዴት እንደሚሄድ እናውቃለን ማለት ነው።

የሚሄድበትም መንገድ ጨዋ የሚባል ነው። ከፀሐይ በአማካይ 328 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ ይህም ምድር ከፀሐይ ካላት ርቀት ከእጥፍ ትንሽ ይበልጣል። ሲቀርብ ወደ 291 ሚሊዮን፣ ሲርቅ ወደ 364 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነው። የምህዋሩ ዝንባሌ ከምድር ምህዋር ሁለት ዲግሪ ቢሆን ነው። አንድ ዙር ለመጨረስ ሦስት ዓመት ከሦስት ወር ገደማ ይፈጅበታል። በቀበቶው ውስጠኛ ዳር፣ ለማርስ በሚቀርበው በኩል፣ እንዲህ እየዞረ ይኖራል።

ስም ግን አልመጣም። በሕጉ መሠረት ቁጥር ላገኘ አስትሮይድ ስም የማቅረብ ቅድሚያ ያለው አግኚው ነው፤ ለአሥር ዓመት። ታዲያ ሊኒየር ለዚያ ሁሉ ድንጋይ ስም ከየት ያምጣ? ሊንከን ላቦራቶሪ ብዙዎቹን በሳይንስ ውድድር ባሸነፉ ተማሪዎችና በአስተማሪዎቻቸው ስም ሰይሟል፤ ደግ ሐሳብ ነው። 152830 ግን ተራው ሳይደርሰው ሰባት ጊዜ ፀሐይን ዞረ።

ስሙ የሚመጣው ከአፋር ነበር። እሑድ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ዶናልድ ጆሃንሰንና ቶም ግሬይ ሐዳር ላይ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆናትን ሴት አጥንት አገኙ። ቅዳሜ ሌሊቱን አዲስ አበባ ላይ ደርግ ስድሳዎቹን ባለሥልጣናትና መኮንኖች ረሽኖ ነበር። እሑድ ማታ ሐዳር ካምፕ ውስጥ የቢትልስ ዘፈን በቴፕ እየተደጋገመ ይጫወታል፤ «ሉሲ ኢን ዘ ስካይ ዊዝ ዳይመንድስ»። እነዚህ ሁለት ሌሊቶች የአንድ አገር፣ የአንድ ሰንበት መሆናቸው ሁልጊዜ ይከነክነኛል፤ በታሪክ መጻሕፍታችን ግን አንድ ገጽ ላይ ተገናኝተው አይቻቸው አላውቅም። አጥንቷ ከዘፈኑ ሉሲ ተባለች፤ ለእኛ ድንቅነሽ።

ናሳ በጁፒተር ምህዋር ላይ ከፊትና ከኋላ ሆነው የሚዞሩትን ትሮጃን የሚባሉ አስትሮይዶች የምትጎበኝ መንኮራኩር ሲያዘጋጅ ሉሲ አላት። አጥንቷ ስለ ሰው ዘር አመጣጥ እንደተናገረች፣ እነዚህ ከፕላኔቶች ግንባታ የተረፉ ድንጋዮችም ስለ ሥርዓተ ፀሐይ አመጣጥ ይናገራሉ በሚል ነው። መንኮራኩሯ ኦክቶበር 16 ቀን 2021 ከኬፕ ካናቬራል ተወነጨፈች። የሳይንስ ቡድኗ መሪ ኮሎራዶ፣ ቦልደር የሚሠራው የሳውዝዌስት የምርምር ተቋሙ ሃል ሌቪሰን ነው። ወደ ትሮጃኖቹ ስትሄድ በቀበቶው ውስጥ አንድ አስትሮይድ ብቻ ታያለች ተብሎ ታቅዶ ነበር፤ በ2025፣ ዶናልድጆሃንሰን የተባለውን።

ሁለተኛው ግኝት እዚህ ላይ ይመጣል፤ የተገኘውም በስሌት ነው። ደቡብ ፈረንሳይ፣ ኒስ የሚገኘው የኮት ዳዙር ኦብዘርቫቶሪ ሳይንቲስት ራፋኤል ማርሻል አንድ ቀላል ጥያቄ አነሳ፤ ሉሲ ቀበቶውን ስታቋርጥ በድንገት አጠገቡ የምታልፈው ድንጋይ ይኖር ይሆን? ምህዋራቸው በደንብ የታወቀ 500 ሺህ አስትሮይዶችን መርጦ የእያንዳንዱን መንገድ ከመንኮራኩሯ መንገድ ጋር አስተያየ። ከሁሉም አንዱ ጎልቶ ወጣ። ሉሲ ምንም ሳታደርግ፣ መንገዷን ሳትለውጥ፣ ከ1999 ቪዲ57 በ64 ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ታልፋለች። ቀጥሎ የሚቀርበው አስትሮይድ ከዚህ ቢያንስ ሦስት እጥፍ ይርቃል። ሶኮሮ ላይ በሰልፍ ቁጥር 1429 ሆኖ የተረሳው ድንጋይ ከግማሽ ሚሊዮን አንደኛ ሆነ።

እኔ አግኚ ማለት ያለብኝ ማንን እንደሆነ እዚህ ላይ ይቸግረኛል። መዝገቡ ሊኒየርን ይላል፤ ትክክል ነው፤ መጀመሪያ ያየው እሱ ነው። ነገር ግን መረቡ ምን እንደያዘ አያውቅም ነበር። ማርሻል ደግሞ ድንጋዩን በዓይኑ ሳያይ፣ ከቁጥሮች ክምር ውስጥ ጎትቶ አወጣው።

ናሳ ጉብኝቱን ጃንዋሪ 25 ቀን 2023 ይፋ አደረገ። ምክንያቱ የሳይንስ ጉጉት ብቻ አልነበረም። መንኮራኩር በአስትሮይድ አጠገብ ስታልፍ ድንጋዩ በትክክል የት እንዳለ ማንም እርግጠኛ አይደለም፤ ከምድር ትእዛዝ ልኮ ካሜራ ለማዞር ደግሞ የሬዲዮ መልእክቱ በጊዜ አይደርስም። ስለዚህ ሉሲ ድንጋዩን ራሷ ፈልጋ፣ ራሷ ተከታትላ ካሜራዎቿን ማዞር አለባት። ይህ ሥርዓት በእውነተኛ ድንጋይ ላይ ተሞክሮ አያውቅም ነበር። በ12 ዓመት ጉዞዋ ልትጎበኛቸው የታቀዱት ትሮጃኖች ላይ ከመድረሷ በፊት አንድ ልምምድ ቢገኝ ማን ይጠላል?

ፌብሩዋሪ 6 ቀን 2023 የዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት የስያሜ ቡድን ስሙን አጸደቀ። 152830 ድንቅነሽ ተባለች። ስሙን ያቀረበው የሉሲ ቡድን ነው፤ መንኮራኩሯ የእንግሊዝኛውን ስም ስለያዘች ድንጋይዋ የአማርኛውን ወሰደች።

ሜይ 9 ቀን ሉሲ ሞተሯን ለኮሰች። የፍጥነቷ ለውጥ በሰከንድ 3.4 ሜትር ነው፤ አውቶቡስ እንዳያመልጠው የሚሮጥ ሰው ፍጥነት ማለት ነው። ወራት ቀድሞ የተሰጠ ይህች ትንሽ ግፊት 64 ሺህ ኪሎ ሜትር ይሆን የነበረውን ርቀት ወደ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ አወረደችው። በሴፕቴምበር መጀመሪያ ሉሲ ድንቅነሽን ለመጀመሪያ ጊዜ አየቻት፤ ከ23 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀት፣ በከዋክብት መሐል ፈቀቅ የምትል አንዲት ነጥብ ሆና። ኮምፒውተሩ በ1999 ያየው ያንኑ ነበር።

ምድር ላይ ያሉት ደግሞ ጊዜ አላጠፉም። ከጉብኝቱ በፊት ስለ ድንጋይዋ በተቻለ መጠን ማወቅ ስላስፈለገ ትልልቅ ቴሌስኮፖች ዞሩባት። የብርሃኗ ቀለም በሲሊኬት የበለጸገ ዓለት መሆኗን ተናገረ። ስቴፋኖ ሞቶላ የተባለው በጀርመን የጠፈር ተቋም የሚሠራ ሳይንቲስት ከባልደረቦቹ ጋር የብርሃኗን መጨመርና መቀነስ ለካ። አስትሮይድ ከሩቅ ሲታይ ነጥብ ስለሆነ መሽከርከሩ የሚታወቀው በዚህ ነው፤ ሰፊው ጎኑ ሲዞርልን ይደምቃል፣ ጠባቡ ሲዞር ይፈዝዛል። የድንቅነሽ ብርሃን በ52.67 ሰዓት ይመላለስ ነበር። እንግዲህ በራሷ ዙሪያ አንዴ ለመዞር ከሁለት ቀን በላይ ይፈጅባታል ተባለ፤ ለእንዲህ ያለች ትንሽ ድንጋይ ዘገምተኛ ነው። ልኬቱ እንከን አልነበረበትም። የተለካው ግን ሌላ ነገር ነበር።

ሉሲ እየቀረበች ስትመጣ የብርሃኑ አለዋወጥ ለሌቪሰንና ለባልደረቦቹ ጥርጣሬ ፈጠረ። ምናልባት ሁለት ይሆኑ? ተባብለው ነበር። ያረጋገጠ ማንም አልነበረም።

ኖቬምበር 1 ቀን 2023፣ ጥቅምት 21 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ በአዲስ አበባ ሰዓት ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ54 ደቂቃ ሲሆን ሉሲ ከድንቅነሽ በ430 ኪሎ ሜትር ርቀት አለፈች። ፍጥነቷ በሰከንድ 4.5 ኪሎ ሜትር ነበር፤ የድንጋይዋን ስፋት ለሚያህል መንገድ ሩብ ሰከንድ አያስፈልጋትም። በዚያች ቅጽበት ከሉሲ ጋር የሚነጋገር የለም። በኋላ አንቴናዋን ወደ ምድር መልሳ ደህና መሆኗን አሳወቀች፤ ከዚያ ሥዕሎቹን ማውረድ ጀመረች። መስመሩ ቀጭን ስለሆነ ሁሉም እስኪወርድ አንድ ሳምንት ያህል ይፈጃል።

ኖቬምበር 2 ቀን የመጀመሪያዎቹ ሥዕሎች ደረሱ። የተሞከረው ሥርዓት ሠርቷል፤ ድንቅነሽ በሥዕሉ ውስጥ አለች። ከላይና ከታች ጠበብ፣ ወገቧ ላይ ወፈር ያለች፣ በወገቧም ዙሪያ ከፍ ያለ ጉብታ የተጠመጠመባት ድንጋይ። ከጀርባዋ ደግሞ ሌላ ትንሽ ድንጋይ ብቅ ብሏል። ጥርጣሬው እውነት ሆነ፤ ጨረቃ አላት። ሌቪሰን ያን ዕለት የተናገረው፣ ድንጋይዋ ለስሟ የተገባች ሆና ተገኘች የሚል ነበር። መንኮራኩር በአጠገባቸው ካለፈችባቸው የዋናው ቀበቶ አስትሮይዶች ሁሉ ትንሿ እንደምትሆን ቀድሞ ይታወቅ ነበር፤ ሁለት መሆኗ ግን ምርቃት ነው።

ምርቃቱ አላለቀም። ቀሪዎቹ ሥዕሎች እየወረዱ ሳለ፣ ሉሲ ከተሻገረች ከስድስት ደቂቃ በኋላ፣ 1630 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደ ኋላ ዞራ ያነሳችው አንድ ሥዕል መጣ። ጨረቃዋ ራሷ ሁለት ናት! ተቀራራቢ ስፋት ያላቸው ሁለት ድንጋዮች ተነካክተው፣ ተጣብቀው ቆመዋል። በመጀመሪያው ሥዕል አንዱ ሌላውን ሸፍኖት ስለነበር አንድ መስለው ነበር። በሌላ አስትሮይድ ዙሪያ የሚዞር እንዲህ ያለ ጥንድ ድንጋይ ከዚያ በፊት ታይቶ አይታወቅም። አንዲት ነጥብ ነበረች፤ ሁለት ሆነች፤ አሁን ሦስት ሆነች። ለሦስተኛው የጠበቁት ስድስት ደቂቃና አንድ ሳምንት ነው።

አሁን የሞቶላ ቁጥር ቦታውን አገኘ። ድንቅነሽ በራሷ ዙሪያ የምትዞረው በ3.74 ሰዓት ነው፤ ዘገምተኛ አይደለችም። 52.67 ሰዓቱ ጨረቃዋ ድንቅነሽን አንዴ የምትዞርበት ጊዜ ነው። ምድር ላይ ያለው መሣሪያ ጨረቃዋን ከመታወቋ በፊት ለክቷት ነበር፤ በሌላ ሰው ስም። ይህን ታሪክ ከሥዕሎቹ ሁሉ አስበልጬ እወደዋለሁ።

ለጨረቃዋ ስም ለማውጣት 24 ዓመት አልተጠበቀም። ስሙን ያቀረበው ያው ራፋኤል ማርሻል ነው፤ ኖቬምበር 27 ቀን ጸደቀ፤ ሰላም። የምድሯ ሰላም ከሐዳር አዋሽን ተሻግሮ፣ ዲኪካ ላይ በ2000 ዘረሰናይ ዓለምሰገድ በመራው ቡድን የተገኘችው ሕፃን ናት። ስትሞት ዕድሜዋ ሦስት ዓመት ገደማ ነበር። ፊቷና አጥንቶቿ በደነደነ አሸዋ ውስጥ ተጣብቀው ስለነበር ዘረሰናይ በጥርስ ሐኪም መሣሪያ እህል እህሉን እያነሳ ለዓመታት ሠራባት፤ ለዓለም ያስተዋወቃት በ2006 ነው። ጋዜጦቹ ያኔ የሉሲ ልጅ አሏት። ልጇ ልትሆን አትችልም፤ 3.3 ሚሊዮን ዓመት የሆናት ሰላም ከድንቅነሽ መቶ ሺህ ዓመት ያህል ትቀድማለች።

ሰማይ ላይ ግን ሰላም የድንቅነሽ ልጅ ሳትሆን አትቀርም። የሉሲ ቡድን በሜይ 2024 ኔቸር ላይ ባወጣው ጥናት ድንቅነሽ 720 ሜትር ያህል ስፋት አላት፤ የሰላም ሁለት አካላት 210 እና 230 ሜትር ገደማ ናቸው፤ በእናትና ልጅ መሐል 3.1 ኪሎ ሜትር አለ። ከጉብታዋ ሌላ የድንቅነሽን ሰውነት የሚሰነጥቅ ረጅም ሸለቆ አለ፤ ጉብታው ሸለቆውን አቋርጦ በላዩ ያልፋል። ስለዚህ መጀመሪያ የመጣው ሸለቆው ነው፤ ጉብታው ቆይቶ ላዩ ላይ ተከመረ።

ሳይንቲስቶቹ ነገሩን እንዲህ ይተርኩታል። ትንሽ አስትሮይድ የፀሐይን ብርሃን ይቀበላል፤ ሙቀት አድርጎም ይመልሳል። የሚመልሰው ሙቀት እጅግ ትንሽ ግፊት አለው። ድንጋዩ ቅርጹ የተዛባ ከሆነ ግፊቱ በሁሉም በኩል እኩል አይሆንም፤ እያሽከረከረው ይሄዳል። ዮርፕ ይሉታል። በሰው ዕድሜ ምንም አይደለም፤ በሚሊዮን ዓመታት ግን ድንጋዩ እየፈጠነ ሄዶ ሰውነቱን መያዝ ያቅተዋል። ድንቅነሽ አንድ ጥብቅ ዓለት ከመሆን ይልቅ በገዛ ስበቷ የተያዘ ክምር ሳትሆን አትቀርም፤ በአንድ ወቅት ተሰነጠቀች፣ ከጎኗ ቁራጭ ለቀቀች። የተበተነው ከፊሉ ተመልሶ ወገቧ ላይ ወደቀ፤ ጉብታውን ሠራ። ከፊሉ በዙሪያዋ ቀርቶ ተሰበሰበ። ሰላም ከዚህ ወጣች ይላሉ። ሁለቱ አካላት ሳይፈረካከሱ ለመነካካት በጣም ቀስ ብለው መምጣት አለባቸው፤ መጠናቸው ለምን እንዲህ እንደተቀራረበም ያከራክራል። ይህን ለማስረዳት የሚቀርቡት ሐሳቦች አሁንም ሲፎካከሩ ነው።

ሥዕሎቹን በሁለት ዓይን ጥልቀታቸው እንዲታይ አድርገው ያጣመሩት ብራያን ሜይና ክላውዲያ ማንዞኒ ናቸው። ብራያን ሜይ የኩዊን ጊታሪስት ነው፤ በአስትሮፊዚክስም ዶክትሬት አለው። በቢትልስ የተጀመረ ነገር በኩዊን ቢቀጥል ምን ይገርማል።

ከዚያ ደግሞ የዕድሜው ነገር መጣ። ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ የነበረው ኮልቢ ሜሪል ከባልደረቦቹ ጋር የሰላምን ዕድሜ አሰላ። የአስትሮይድ ዕድሜ በተለምዶ የሚገመተው ላዩ ላይ ያሉ ጉድጓዶችን በመቁጠር ነው። እነሱ ግን ሁለት ኃይሎችን አመዛዘኑ፤ በእናትና ልጅ መሐል ያለውን የስበት ጉተታና የፀሐይ ብርሃን በጨረቃዋ ላይ የሚያሳድረውን ግፊት። ሰላም አሁን ያለችበት ቦታ ላይ ለመድረስ ስንት ጊዜ ወሰደባት ብለው ጠየቁ። መልሱ ከአንድ እስከ አሥር ሚሊዮን ዓመት ሲሆን፣ ይበልጥ የሚመስለው ከሁለት እስከ ሦስት ሚሊዮን ነው። ዕድሜው በቢሊዮን በሚቆጠር ሥርዓተ ፀሐይ ውስጥ ይህ ጨቅላ ነው። ግምታቸው ከያዘ፣ የዲኪካዋ ሕፃን አዋሽ ዳር ስትድህ በሰማይ ስሟን የያዘችው ድንጋይ ገና አልተፈጠረችም። ሰዎች ለድንጋይ ስም ሲሰጡ ይህን አስበው አልነበረም። እንዲህ ያለውን ግጥምጥሞሽ ልብ ወለድ ጸሐፊ ቢያመጣው አዘጋጁ ይሰርዝበታል።

ሉሲ በኤፕሪል 20 ቀን 2025 ወደ ዶናልድጆሃንሰን ደረሰች፤ በ960 ኪሎ ሜትር ርቀት አለፈችው። ይህ አስትሮይድ በ1981 አውስትራሊያ፣ ሳይዲንግ ስፕሪንግ ላይ የተገኘ ሲሆን፣ በሐዳሩ ሰው ስም የተጠራው ከመንኮራኩሯ ጋር በተያያዘ ነው። ርዝመቱ ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ ተገኘ፤ እሱም መሐሉ የቀጠነ፣ ሁለት አካል የተጋጠመበት። ካርታው ሲወጣ ትንሹ አካል አፋር፣ ትልቁ በታንዛኒያው ሸለቆ ስም ኦልዱቫይ ተባለ። ናሳ ያሰበው ለመለማመጃ ያህል ነበር፤ ሁለቱ መለማመጃዎች ከአንድ ድንጋይ በላይ ሆነው ወጡ።

አሁን ሉሲ ቀበቶውን ትታ ወደ ጁፒተር ምህዋር እየሄደች ነው። ኦገስት 2027 የመጀመሪያው ትሮጃን፣ ዩሪባተስ፣ ይጠብቃታል። እሱም ጨረቃ አለው፤ ይቺኛዋ ግን ድንገተኛ አይደለችም፤ የሃብል ቴሌስኮፕ ቀድሞ ሥዕሏን ይዟል። ስሟ ኬታ ነው። ማሞ ወልዴ ማራቶን ባሸነፈበት በ1968ቱ የሜክሲኮ ኦሊምፒክ ችቦውን የለኮሰችው ሯጭ ኖርማ ኤንሪኬታ ባሲሊዮ ትባል ነበር፤ በኦሊምፒክ ታሪክ ችቦ የለኮሰች የመጀመሪያዋ ሴት። ኬታ የቤት ስሟ ነው።